በጠላት እጅ የሰነበቱ የአሜሪካ ከተሞች

የአሜሪካ ነፃነት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በጦር ሜዳ ነው። ሌክሲንግተን፣ ሳራቶጋና ዮርክታውን ይነሣሉ፤ እንግሊዞች በ1814 የፕሬዚዳንቱን ቤት ማቃጠላቸውንም የሰማ አይጠፋም። በእነዚህ ስሞች መካከል ግን ብዙም የማይነገር ሌላ ታሪክ አለ። የነፃነት ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ አምስቱ ታላላቅ ከተሞች ፊላዴልፊያ፣ ኒው ዮርክ፣ ቦስተን፣ ቻርልስተንና ኒውፖርት ነበሩ። ከአምስቱ አንዱም ከእንግሊዝ ጦር እጅ አላመለጠም። ፊላዴልፊያ ዘጠኝ ወር ያህል፣ ኒው ዮርክ ሰባት ዓመት በጠላት ሥር ኖረዋል።

በእነዚያ ከተሞች ለሚኖር ሰው ጭንቀቱ ጦርነቱን ማን ያሸንፋል የሚለው ብቻ አልነበረም። ቤቴን ጥዬ ልውጣ ወይስ ልቆይ? ብቆይ ለማን ልማል? ዱቄቴን ለማን ልሽጥ? ነገ ባንዲራው ሲቀየርስ ተመላሾቹ ምን ይሉኛል? አዲሲቱ አገር ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል። የመጀመሪያው በስቅላት፣ ሁለተኛው በአንድ የቢራ ፋብሪካ የኪራይ ክርክር፣ ሦስተኛው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሰጠ ነው። ታሪኩ ከቦስተን ይጀምራል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦስተን፦ 1768–1776

ቦስተንን መጀመሪያ የያዛት ባዕድ ጦር አልነበረም፤ የራሷ ንጉሥ ወታደር ነበር። የለንደን ፓርላማ በሻይ፣ በወረቀት፣ በመስታወትና በቀለም ላይ አዲስ ቀረጥ ጣለ። ቀረጡን እንዲሰበስቡ የተላኩት የጉምሩክ ሹማምንት ከሕዝቡ ቁጣ የተነሣ ሥራቸውን መሥራት አቃታቸው። ስለዚህ በ1768 ኦክቶበር 1 ቀን ሁለት ሬጅመንት ጦር ከበሮ እያስመታ ከወደቡ ወደ ከተማዋ ገባ። ቦስተን ያን ጊዜ 16,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ወደብ ነበረች።

ግጭቱ የመጣው ከፖለቲካው ብቻ ሳይሆን ከእንጀራም ጭምር ነው። ደሞዙ ያልበቃው ወታደር ከጥበቃ በወጣ ቁጥር በርካሽ የቀን ሥራ መሥራት ጀመረ። በገመድ መሥሪያ ቤቶች ያሉት ላብ አደሮች ሥራቸው ሊነጠቅ መሆኑን አዩ። ስድብ ጠብን፣ ጠብም ዱላን አመጣ። በ1770 ማርች 5 ቀን ማታ ወታደሮቹ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የአፍሪካና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ደም እንደነበረበት የሚነገርለት መርከበኛ ክሪስፐስ አታክስ ነው። ከዚያ በኋላ ጦሩ ከመኖሪያ ሰፈር ወጥቶ በወደቡ ደሴት ላይ ወዳለው ምሽግ ተዛወረ።

በ1773 የሻዩ ጭነት ባሕር ውስጥ ሲደፋ ለንደን ወደቡን ዘጋች፤ ጄኔራል ቶማስ ጌጅንም ገዥ አድርጋ ከነሠራዊቱ ላከች። በ1775 ኤፕሪል 19 ቀን የጌጅ ወታደሮች ኮንኮርድ ውስጥ የተከማቸ መሣሪያ ሊይዙ ወጥተው ደማቸውን እያዘሩ ተመለሱ። የገጠሩ ሚሊሺያ ተከትሏቸው መጥቶ ከተማዋን ከበባት። ቦስተን ያን ጊዜ ከየብስ ጋር የተያያዘችው በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ስለነበር ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ያዡ ራሱ ተያዘ።

ጌጅ ከከተማው ሽማግሌዎች ጋር ተስማማ። መሣሪያውን ያስረከበ ነዋሪ ንብረቱን ይዞ መውጣት ይችላል ተባለ። 1,778 ጠመንጃ፣ 634 ሽጉጥና 973 ሳንጃ ተሰበሰበ። ይሁንና ለንጉሡ ያደሩት የከተማዋ ሰዎች ጮኹ፤ አርበኞቹ ከነቤተሰባቸው ከወጡ በውጭ ያለው ጦር ከተማዋን እንዳያቃጥል ምን ያግደዋል አሉ። የይለፍ ወረቀቱ መጓተት፣ ዕቃ ይዞ መውጣትም መከልከል ጀመረ። ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ተከፈለ፤ ሚስትና ልጆች ሲወጡ ባል ቤት ሊጠብቅ ቀረ።

በጁን የተካሄደው የበንከር ሂል ውጊያ እንግሊዞችን ከ1,000 በላይ ሙትና ቁስለኛ አስከፈላቸው። ድሉ በስም የእነሱ ቢሆንም ከከበባው ለመውጣት ሌላ ሙከራ አላደረጉም። ክረምቱ ሲገባ ማገዶ አለቀ። አንድ ሙሉ የጸሎት ቤት ፈርሶ ለእሳት ዋለ። የተቃውሞ ስብሰባ ይደረግበት የነበረው ኦልድ ሳውዝ የጸሎት አዳራሽ ወንበሮቹ ተነቅለው፣ ወለሉ አፈር ተደልድሎበት የፈረሰኞች መለማመጃ ሆነ። ፈንጣጣም ገባ።

ከበባውን የቋጨው መድፍ ነው። ሄንሪ ኖክስ የተባለ የቀድሞ መጽሐፍ ሻጭ ከታይኮንደሮጋ ምሽግ 60 ያህል መድፎችን በበረዶ ላይ በበሬ አስጎትቶ አመጣ። በ1776 ማርች መጀመሪያ መድፎቹ ወደቡን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ በአንድ ሌሊት ተተከሉ። አዲሱ አዛዥ ጄኔራል ዊሊያም ሃው በሰላም ካስወጡት ከተማዋን እንደማያቃጥል አሳወቀና ማርች 17 ቀን ለቀቀ። ከእሱ ጋር 1,100 ያህል የንጉሡ ወገኖች ቤታቸውን ጥለው ወደ ሃሊፋክስ ተሳፈሩ። በኋላም በየከተማው የሆነው ይኸው ነው፤ ጦሩ ሲለቅ የተማመኑበት ሰዎች አብረውት ይሰደዳሉ።

ኒው ዮርክ፦ 1776–1783

ሃው በዚያው በጋ ከ30,000 በላይ ሠራዊት ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ። የአርበኞቹ ጦር አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን በሎንግ አይላንድ ተሸንፎ አፈገፈገ። ከተማዋን አቃጥሎ መውጣት ይሻል እንደሆነ ኮንግረስን ቢጠይቅ አይሆንም ተባለ። ሴፕቴምበር 15 ቀን እንግሊዞች ገቡ። ከስድስት ቀን በኋላ እሳት ተነሥቶ 500 ያህል ቤቶችን፣ ከከተማዋ ሩብ የሚሆነውን በላ። እሳቱን ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ከ20,000 በላይ ነዋሪ የነበራት ከተማ በዚያ በልግ 5,000 ያህል ሰው ብቻ ቀርቷት ነበር።

ባዶነቱ ግን አልቆየም። ከየክፍለ ግዛቱ በአርበኞች የተባረሩ የንጉሡ ወገኖች ጎረፉ። ቤት የሌለው ስደተኛ በተቃጠሉት ግድግዳዎች ላይ የመርከብ ሸራ ወጥሮ ሲኖር ሰፈሩ «የሸራ ከተማ» ተባለ። የሸሹት አርበኞች ቤቶችና መጋዘኖች ተወርሰው ለመኮንኖችና ለነጋዴዎች ተሰጡ።

እነዚህ ስደተኞች የጠበቁት የንጉሡ ሕግ እንዲመለስ ነበር፤ ያገኙት ግን የወታደር ትእዛዝ ነው። ለሰባት ዓመት የሲቪል ፍርድ ቤትም የተመረጠ ምክር ቤትም አልተከፈተም። ሰፈር የሚመድበው፣ ስንቅ የሚገዛው፣ ሠረገላ የሚከራየው ሹም ሁሉ በየፊርማው ይከብር ነበር። አቤት የሚልበት ዳኛ ያጣው ነዋሪ በወታደር መልካም ፈቃድ አደረ። አርበኛው ከነገራቸው ይልቅ የራሳቸው ጦር አሠራር የንጉሡን ወገኖች ልብ አቀዘቀዘ። በ1779–80 ክረምት ወደቡ እስከ ውስጡ ረግቶ በበረዶው ላይ መድፍ ሲጎተት የከተማዋ ዛፎችና አጥሮች ማገዶ ሆነው አለቁ።

የከተማዋ ክፉ ገጽ እስር ቤቶቿ ነበሩ። የተማረኩ አርበኞች በስኳር መጋዘኖችና በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ታጎሩ፤ ከሁሉ የባሰባቸው በብሩክሊን ዳርቻ በቆሙት አሮጌ መርከቦች ሆድ ውስጥ ገቡ። ጀርዚ በተባለችው መርከብ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይታጨቅ ነበር። በመርከቦቹ ውስጥ በረሃብና በበሽታ ያለቀው ሰው 11,000 ያህል ይደርሳል የሚለው ግምት በሰፊው ተቀባይነት አለው። ይህም በጦርነቱ ሁሉ በውጊያ ከወደቁት አሜሪካውያን ይበልጣል።

ያችው ከተማ የውስጥ አርበኞችም ነበሯት። ከ1778 ጀምሮ አብርሃም ዉድሃል የተባለ የሎንግ አይላንድ ገበሬና ሮበርት ታውንሰንድ የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ በማይታይ ቀለም እየጻፉ ለዋሽንግተን ወሬ ያደርሱ ነበር። ታውንሰንድ ከመኮንኖች ጋር እየዋለ፣ በሰው ዓይን የንጉሡ ወገን መስሎ ኖረ። ሥራው የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንድን ሰው በዋለበት ቦታ ብቻ ለመፍረድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የእሱ ኑሮ ያሳያል።

ለሌሎች ደግሞ ኒው ዮርክ የነፃነት በር ሆነች። በ1779 ጁን 30 ቀን ጠቅላይ አዛዡ ሄንሪ ክሊንተን ከአርበኞች አሳዳሪዎች ኮብልሎ ወደ እንግሊዝ መስመር የገባ ባሪያ ጥበቃ እንደሚያገኝ አወጀ። ሐሳቡ ከርኅራኄ ይልቅ የጦር ስልት ነበር፤ የጠላትን ጉልበት ማጉደል። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ግን ቃሉን እንደ ቃል ይዘው መጡ። በሠረገላ ነጂነት፣ በቁፋሮ፣ በልብስ አጣቢነትና በመርከብ መሪነት ተቀጥረው ደሞዝ በሉ።

ፊላዴልፊያ፦ 1777–1778

ሃው በ1777 ዓይኑን ወደ ፊላዴልፊያ፣ ኮንግረስ ወደሚቀመጥባት ከተማ ጣለ። በአውሮፓ ልማድ ዋና ከተማው የተያዘበት አገር ሰላም ይለምናል። ሴፕቴምበር 26 ቀን ጦሩ ያለ ውጊያ ገባ። ኮንግረስ ግን ወረቀቱን ሸክፎ ዮርክ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደና ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ የነፃነት ደወል የሚባለው የምክር ቤቱ ደወልም እንግሊዞች ለጥይት እንዳያቀልጡት ወደ አለንታውን ተወሰደ። የአሜሪካ አመፅ ራስ ስላልነበረው አንገቱ የሚያዝበት ከተማ አልነበረም። ይባስ ብሎ ሃው ወደ ደቡብ በመዞሩ ከካናዳ ይወርድ የነበረው የጄኔራል ቡርጎይን ጦር ብቻውን ቀርቶ በኦክቶበር ሳራቶጋ ላይ እጅ ሰጠ።

የፊላዴልፊያ ክረምት ሁለት መልክ ነበረው። በከተማዋ ውስጥ መኮንኖች ትያትር ይሠሩ፣ ዳንስ ይደግሱ ነበር። የአርበኞች የወረቀት ገንዘብ ዋጋ በማጣቱ በአካባቢው ያለ ብዙ ገበሬ ቅቤውንና ዱቄቱን የእንግሊዝ ወርቅ ወዳለበት ይዞ ገባ። ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ በማይርቀው ቫሊ ፎርጅ ደግሞ የዋሽንግተን ሠራዊት ይራብ ነበር፤ በዚያ ሰፈር 2,000 ያህል ወታደር በበሽታ አለቀ።

በሁለቱ መካከል የወደቁት ክዌከሮች ናቸው፤ ሃይማኖታቸው መማልንም መዋጋትንም ይከለክላል። ኤልሳቤጥ ድሪንከር የተባለች ክዌከር በየቀኑ በምትጽፈው ማስታወሻ ይህን ኑሮ አስቀርታልናለች። ባለቤቷን አርበኞቹ ለነፃነት ታማኝነትህን አልገለጽህም ብለው ወደ ቨርጂኒያ አግዘውታል። እሷ ደግሞ ልጆቿን ይዛ ቤቷ ውስጥ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ እንድታሳድር ግድ ሆነባት። ከሁለቱም ወገን የሚደርስባት ነገር ያለ ፈቃዷ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1778 ፈረንሳይ ከአሜሪካ ጋር ስትዋዋል ሁሉ ነገር ተገለበጠ። የፈረንሳይ መርከቦች ወንዙን እንዳይዘጉት ስለተፈራ ለንደን ፊላዴልፊያ እንድትለቀቅ አዘዘች። ጁን 18 ቀን ጦሩ ወጣ፤ 3,000 ያህል የንጉሡ ወገኖች ተከተሉት።

ሁሉም ግን አልሄደም። አብርሃም ካርላይል የሚባል ክዌከር አናጢ በያዡ ጦር ተሹሞ ከከተማዋ በሮች በአንዱ የይለፍ ወረቀት ይሰጥ ነበር። ሰው የበደለ አልመሰለውምና ቀረ። ጆን ሮበርትስ ከተባለ ወፍጮ ባለቤት ጋር በአገር ክህደት ተከሰሰ። ጎረቤቶቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ከፈረዱባቸው ሰዎች መካከል ያሉትም ምሕረት ለመኑላቸው። ኖቬምበር 4 ቀን 1778 ሁለቱም ተሰቀሉ። አዲሲቱ አገር ለቀሪው ሰው የሰጠችው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነበር፦ በጠላት ሥር የጠላትን ሥራ የሠራ ከሃዲ ነው።

ሳቫናና ቻርልስተን፦ 1778–1782

በሰሜን ያልተሳካላት ለንደን ወደ ደቡብ ዞረች። በዚያ የንጉሡ ወገኖች ይበዛሉ የሚል ተስፋ ነበራት። በዲሴምበር 1778 መጨረሻ 3,000 ያህል ወታደር ሳቫና ደረሰ። ክዋሚኖ ዶሊ የተባለ በባርነት የሚኖር ሽማግሌ ረግረጉን የሚያሻግር ሥውር መንገድ ስላሳያቸው ተከላካዮቹን ከኋላ ገብተው በተኗቸው። በኒው ዮርክ ያልተሞከረው እዚህ ተሞከረ፤ የቀድሞው ገዥ ጄምስ ራይት ተመልሶ የሲቪል አስተዳደር አቆመ። በጦርነቱ የንጉሡ ሲቪል መንግሥት የተመለሰበት ክፍለ ግዛት ጆርጂያ ብቻ ነው።

ቻርልስተን በ1780 ሜይ 12 ቀን ከከበባ በኋላ እጇን ሰጠች። ከ5,000 በላይ ሰው ተማረከ፤ በጦርነቱ አሜሪካውያን ከደረሰባቸው ሽንፈት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ክሊንተን መጀመሪያ ብልህ እርምጃ ወሰደ። ሚሊሺያው ዳግም ላይዋጋ ቃል እየገባ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ፈቀደ። ብዙው ሰው ጦርነቱ አበቃ ብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ያው ክሊንተን ቃሉን አጠፈ። ጁን 3 ቀን ባወጣው አዋጅ የገለልተኝነቱ ፈቃድ ከጁን 20 ቀን ጀምሮ ይሻራል አለ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ለንጉሡ ታማኝነቱን መማል፣ ካልሆነም እንደ አመፀኛ መቆጠር ነበረበት። ቤቱ ተቀምጦ ከማንም ላለመወገን የወሰነ ሰው መሐል ላይ የሚቆምበት መሬት ተነጠቀ። ጠላት ካላስቀመጠኝ ብሎ ጠመንጃውን ያነሣው ብዙ ነው፤ የደቡቡ ሽምቅ ውጊያ የተቀጣጠለው ከዚህ በኋላ ነው።

የአይዛክ ሄይን ዕጣ ይህንኑ ያሳያል። ቤተሰቡ በፈንጣጣ ተይዞ ሳለ ወደ እነሱ ለመመለስ ሲል መሐላውን ፈረመ፤ በአገሩ ሰዎች ላይ መሣሪያ እንዲያነሣ እንደማይጠየቅ ግን ተነግሮት ነበር። በኋላ ለንጉሡ እንዲዘምት ሲጠራ ውሉ ፈርሷል ብሎ ወደ አርበኞቹ ገባ። በተያዘ ጊዜ እንግሊዞች ለመደበኛ ፍርድ ሳያቀርቡት በ1781 ኦገስት 4 ቀን ቻርልስተን ውስጥ ሰቀሉት። ካርላይልን አርበኞቹ፣ ሄይንን ደግሞ እንግሊዞቹ በተያዘ ከተማ በሰጡት ፊርማ ምክንያት ገደሏቸው።

በኦክቶበር 1781 ዮርክታውን ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል የኮርንዋሊስ ጦር እጅ ሲሰጥ ጦርነቱ አለቀለት። ሳቫና በጁላይ 1782፣ ቻርልስተን በዲሴምበር ተለቀቁ። ከተሳፈሩት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የንጉሡ ወገኖች ንብረት ተብለው ወደ ጃማይካና ወደ ሌሎች ደሴቶች በባርነት ተወሰዱ።

ሂሳቡ ሲተሳሰብ፦ 1783–1791

የመጨረሻዋ ኒው ዮርክ ነበረች። የሰላሙ ውል እንግሊዞች ሲወጡ ጥቁሮችን ይዘው እንዳይሄዱ ይከለክላል። በሜይ 1783 ዋሽንግተን ይህን ለማስፈጸም የእንግሊዙን አዛዥ ጋይ ካርልተንን አገኘው። ካርልተን ግን በአዋጅ ነፃ የወጡትን ሰዎች መልሶ ማስረከብ ክብረ ቢስነት ነው ብሎ እምቢ አለ። በመዝገብ እናሰፍራቸዋለን፤ ካሳ የሚገባ ከሆነ በዚያ ይታያል አለ። በዚያ መዝገብ 3,000 ያህል ሰው ስሙ፣ ዕድሜውና የቀድሞ አሳዳሪው ተጽፎ ወደ ኖቫ ስኮሻ ሄደ። ከእነሱ አንዱ ከጆርጅ ዋሽንግተን እርሻ የኮበለለው ሃሪ ዋሽንግተን ነው። በ1792 ከኖቫ ስኮሻ 1,200 ያህል ጥቁሮች፣ ሃሪም ጭምር፣ ወደ አፍሪካ ተሻግረው በሲየራ ሊዮን ፍሪታውንን መሠረቱ።

ኖቬምበር 25 ቀን 1783 የመጨረሻው ወታደር ሲወጣ ተሰደው የነበሩት አርበኞች ተመለሱ፤ በቤታቸውም ሌላ ሰው ኖሮበት አገኙ። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ለነሱ የቆመ ሕግ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር። በወረራው ዘመን ንብረቱ የተያዘበት ሰው የተጠቀመበትን መክሰስ ይችላል፤ ተከሳሹም የጦር አዛዥ ፈቅዶልኝ ነው ብሎ መከላከል አይችልም ይል ነበር።

ኤልሳቤጥ ራትገርስ የተባለች ባለጠጋ መበለት በዚህ ሕግ ጆሹዋ ዋዲንግተንን ከሰሰች። በ1776 ጥላው የሸሸችውን የቢራ ፋብሪካዋን እንግሊዛውያን ነጋዴዎች ለዓመታት ሠርተውበታልና የኪራይ 8,000 ፓውንድ ጠየቀች። የተከሳሹ ጠበቃ የዋሽንግተን የጦር ረዳት የነበረው አሌክሳንደር ሃሚልተን ነው። በጦርነት ያዡ ኃይል ንብረትን የመጠቀም መብት በሕዝቦች መካከል የታወቀ ሕግ ነው፤ አንድ ክፍለ ግዛት ሊሽረው አይችልም ሲል ተከራከረ። በኦገስት 1784 የከንቲባው ጄምስ ዱዌን ፍርድ ቤት መሐሉን ያዘ። ጠቅላይ አዛዡ ራሱ በፈቀደበት ጊዜ ኪራይ አይከፈልም፤ ከዚያ በፊት በበታች ሹም ፈቃድ ለተሠራበት ጊዜ ግን ይከፈላል። ምክር ቤቱ ተቆጣ፤ ተከራካሪዎቹ ከጥያቄው እጅግ ባነሰ ገንዘብ ታረቁ። ከስድስት ዓመት በፊት በስቅላት የተመለሰው ጥያቄ አሁን በሂሳብ ተመለሰ።

በ1791 በጸደቁት የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ሦስተኛው በሰላም ጊዜ ወታደር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሰው ቤት አያድርም ይላል። ሐሳቡ ከቦስተንና ከኒው ዮርክ ነዋሪዎች ትዝታ የወጣ ነው።

ዲትሮይት፦ 1796–1813

የሰላሙ ውል ቢፈረምም እንግሊዞች ዲትሮይትን፣ ናያጋራንና ሌሎች የሐይቅ ዳር ምሽጎችን እስከ 1796 አልለቀቁም። የንጉሡ ወገኖች ንብረት አልተመለሰም፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ብድርም አልተከፈለም የሚል ምክንያት ነበራቸው። የአውሬ ቆዳ ንግዱና ከነባር ሕዝቦች ጋር ያላቸው ወዳጅነትም አጓጉቷቸዋል። በ1812 ሁለቱ አገሮች ዳግም ሲዋጉ የመጀመሪያው ምት ያረፈው በእነዚሁ ቦታዎች ነው።

የማኪናክ ምሽግ አዛዥ ጦርነት መታወጁን እንኳ ሳይሰማ በጁላይ 17 ቀን ተከበበ። በኦገስት 16 ጄኔራል ዊሊያም ሀል ዲትሮይትን ያለ ውጊያ ለእንግሊዙ ጄኔራል ለአይዛክ ብሮክና ሾኒ ለተባሉት ነባር ሕዝቦች መሪ ለተከምሴ አስረከበ። ልጁና የልጅ ልጆቹ ምሽጉ ውስጥ ነበሩ፤ የተከምሴ ተዋጊዎች ከገቡ ማንም አይተርፍም ብሎ ፈራ። በኋላ የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት፤ ፕሬዚዳንት ማዲሰን ማረው።

ብሮክ የገባው በአዋጅ ነው፤ ነባሩ ሕግ እንደሚቀጥልና የግል ንብረት እንደሚከበር አስታወቀ። ከአሜሪካ ሹማምንት ዳኛው አውግስተስ ዉድዋርድ ከተማዋን አልለቀቀም። ከአዲሱ አዛዥ ከሄንሪ ፕሮክተር ጋር እየተነጋገረ የነዋሪውን ጥቅም ይጠብቅ ነበር። በጃንዋሪ 1813 በሬዚን ወንዝ የቆሰሉ አሜሪካውያን ምርኮኞች ሲገደሉ ምስክርነት ሰብስቦ ለፕሮክተር አቤቱታ አቀረበ። በመጨረሻ እሱም ከተማዋን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የአሜሪካዊው አዛዥ የኦሊቨር ፔሪ መርከቦች ኢሪ ሐይቅን ሲቆጣጠሩ የዲትሮይት ስንቅ ተቋረጠ፤ እንግሊዞችም ወጡ። ዉድዋርድ በጠላት ሥር ቆይቶ ከሰነበተው ካርላይል ብዙም የተለየ ሥራ አልሠራም ነበር፤ ከሃዲ ብሎ የሰቀለው ግን የለም። ተመልሶ ዳኛነቱን ቀጠለ።

ዋሽንግተንና አሌክሳንድሪያ፦ 1814

በ1814 ጸደይ ናፖሊዮን ሲወድቅ እንግሊዝ የተፈታ ሠራዊቷን ወደ አሜሪካ ላከች። ኦገስት 24 ቀን የጄኔራል ሮበርት ሮስ ጦር ብላደንስበርግ ላይ የመከላከያውን መስመር በትኖ በምሽቱ ዋሽንግተን ገባ። ምክር ቤቱን፣ የፕሬዚዳንቱን ቤትና የግምጃ ቤቱን አቃጠለ። ምክንያቱ በቀል ነበር፤ አሜሪካውያን በ1813 ዮርክ የምትባለውን የዛሬዋን ቶሮንቶ የመንግሥት ቤቶች አቃጥለው ነበር። የዋሽንግተን መያዝ ግን ከአንድ ቀን ብዙም አላለፈም። በማግሥቱ ከባድ ማዕበል መጣ፤ ጦሩም በሌሊት ወጣ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በመቃጠሉ ቶማስ ጄፈርሰን 6,487 መጻሕፍቱን በ23,950 ዶላር ለመንግሥት ሸጠ።

በዚያው ሳምንት የእንግሊዝ መርከቦች ፖቶማክን ሽቅብ ወጥተው አሌክሳንድሪያ ፊት ለፊት ቆሙ። ከተማዋ የሚከላከልላት ጦር አልነበራትም። ምክር ቤቷ ቤቶቹ እንዲተርፉ መርከቦችንና ሸቀጥን ለማስረከብ ተስማማ። 16,000 በርሜል ያህል ዱቄትና ብዙ ትምባሆ ተጭኖ ሄደ። ጋዜጦች ከተማዋን ፈሪ ብለው ተሳለቁባት፤ ከሳሽ ግን አልተነሣባትም። ናንታኬት የተባለችው የዓሣ ነባሪ አዳኞች ደሴትም ረሃብ ሲያስጨንቃት በዚያው ወር ገለልተኛ ነኝ ብላ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጋር ተስማምታለች።

ካስቲን፦ 1814–1819

በዚህ በሁለተኛው ጦርነት ከሁሉ ረጅሙና ከሁሉ ጸጥ ያለው ወረራ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በዛሬዋ ሜን ነበር። በጁላይ 1814 ኢስትፖርት የተያዘች ጊዜ ነዋሪው በሰባት ቀን ውስጥ ለንጉሡ እንዲምል ካልሆነም እንዲወጣ ታዘዘ፤ አብዛኛው ማለ። ለንደን ኢስትፖርት ያለችበትን ደሴት የራሷ ግዛት አድርጋ ትቆጥራት ስለነበር እስከ 1818 አልለቀቀቻትም።

ካስቲን ደግሞ ጠላትን ቀድሞም ታውቀዋለች። እንግሊዞች በ1779 ምሽግ ሠርተውባት፣ ሊያስለቅቃቸው የመጣውን የአሜሪካ መርከብ ሁሉ አጥፍተው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ቆይተዋል። ያን ጊዜ የንጉሡ ወገኖች ሲወጡ ቤታቸውን እንጨት በእንጨት አፍርሰው በመርከብ ወደ ኒው ብራንዝዊክ ወስደው እንደገና ተክለውት ነበር። በ1814 ሴፕቴምበር 1 ቀን የኖቫ ስኮሻ ገዥ ጆን ሸርብሩክ ዳግም ያዛት። የዚህ ጊዜው ዓላማ አመፅ መቅጣት አልነበረም፤ ንግድ ነው። ጦርነቱ ያገደው የእንግሊዝ ሸቀጥ በካስቲን ወደብ ገብቶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ወደ አሜሪካ ገበያ ይሻገር ጀመር። እንግሊዞች የራሳቸውን ጉምሩክ ከፍተው ቀረጥ ሰበሰቡ፤ መኮንኖቹም ክረምቱን ትያትር ሲያሳዩ ከረሙ። ጦሩ በ1815 ጸደይ ሲወጣ የጉምሩኩን ገንዘብ ወደ ሃሊፋክስ ይዞ ሄደ። ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ በ1818 የተመሠረተው በዚያ ገንዘብ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ተመልሶ ሲመጣ የጉምሩክ ሹሙ ራይስ የተባለ ነጋዴን ያዘው። በእንግሊዞች ዘመን ላስገባኸው ዕቃ የአሜሪካ ቀረጥ ክፈል አለው። ነጋዴው ለእንግሊዞች ከፍያለሁ ብሎ ተከራከረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1819 ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ጻፈ። አንድ ከተማ በጠላት ሲያዝ የአሜሪካ ሕግ እዚያ መሥራቱን ያቆማል፤ ነዋሪውም ለጊዜው ለሚገዛውና ለሚጠብቀው ኃይል ይታዘዛል። መንግሥት ሊጠብቀው ካልቻለው ሰው ታዛዥነትን ሊጠይቅ አይችልምና ራይስ ዳግመኛ አይከፍልም ተባለ።

ይህ ፍርድ ለካርላይል አርባ ዓመት ያህል ዘገየበት። ካርላይልና ራይስ ሁለቱም በተያዘ ከተማ ለያዡ ሕግ ታዝዘዋል፤ አንዱ በበር ላይ የይለፍ ወረቀት እየሰጠ፣ አንዱ በወደብ ላይ ቀረጥ እየከፈለ። የተለወጠው የሰዎቹ ጠባይ ሳይሆን የአገሪቱ ነው። በ1778 አሜሪካ ሕልውናዋ የሚያጠራጥር አመፅ ነበረችና እያንዳንዱን ፊርማ እንደ ጩቤ ታየው ነበር። በ1819 ግን በራሷ የተማመነች መንግሥት ሆና ለዜጋዋ መከላከያ ማቅረብ የራሷ ዕዳ መሆኑን ለማመን ችላለች። እንግሊዞች ታላላቅ ወደቦችን ሁሉ ይዘው አገሩን ሳይዙ የቀሩትም ይህንኑ ዕዳ ስላልከፈሉ ነው፤ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ነፈጉ፣ በቻርልስተን ቃላቸውን አጠፉ፣ ከየከተማው ሲወጡም የተማመኑባቸውን ሰዎች ለስደት ዳረጉ።